ዲስኩን የሸጠ ፊት ይቀመጣል

ጋሽ ላሚሶ ማረፋቸውን የነገረኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ማክሰኞ ጠዋት የፍሬን ዘይት ሊገዛ ገባና ጠርሙሱን እያገላበጠ «ታቦር ሰፈር ያሉት መካኒክ ሌሊት አረፉ አሉ፤ ድንኳን ሲተከል አይቼ መጣሁ» አለኝ። ስለ ዘይቱ ዋጋ እንደሚያወራ ሰው ነው ያለው። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። የማስታውሰው ልቤ ውስጥ መጀመሪያ የመጣውን ነገር ነው፤ እፎይ አልኩ። ወላሂ፣ እፎይ ነው ያልኩት። እንባው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሱም ቢሆን በራሴ አፍሬ ይሁን ለእሳቸው አዝኜ እስካሁን ለይቼ አላውቀውም።

ሙና እባላለሁ። መናኸሪያ አካባቢ ከአባቴ የወረስኩት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ጋሽ ላሚሶ ግን አንድም ቀን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። አባቴ አብዱ ስለነበር እኔ ለእሳቸው «የአብዱ ልጅ» ነበርኩ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሱቅ አለኝ፤ ወንዶቹን ነጋዴዎች በአፌም በሥራዬም አላስቀድማቸውም። እሳቸው ፊት ግን ያው የአብዱ ልጅ ነኝ።

ረጅም ቀጭን ሰው ነበሩ። ቱታቸው በአንድ ወቅት ሰማያዊ እንደነበር የሚታወቀው ብብታቸው ስር ብቻ ነው። አማርኛን የተማሩት ትልቅ ሆነው ስለነበር ቃል ሲመርጡ ቀስ ይላሉ፤ ታዲያ የመረጡት ቃል የሰሚው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ሱቅ ሲገቡ እጃቸውን ባንኮኒው ላይ አሳርፈው «ኬሬ» ይላሉ፤ በሲዳምኛ ሰላም ማለታቸው ነው። ጋራዣቸው ታቦር ቁልቁለቱ አናት ላይ ነበር፤ ጋራዥ ካሉት፣ አራት ቋሚ እንጨትና ቆርቆሮ ነው። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የመኪናውን ኮፈን በመዳፋቸው ነክተው ይጸልያሉ። አንዱ የቸኮለ ነጋዴ «ጋሼ፣ መኪናው እኮ አልታመመም፣ የፍሬን ሸራ ቅየራ ብቻ ነው» ቢላቸው፣ ዐይናቸውን ሳይገልጡ «ለመኪናው መሰለህ? ለምትጭናቸው ሰዎች ነው» አሉት።

ቅዱስ ነበሩ እያልኩ አይደለም። ሙት አይወቀስም ቢባልም እኔ እወቅሳለሁ። ዘገምተኛ ነበሩ። ሌላው ጋራዥ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰውን አራት ቀን ያቆዩታል፤ እያንዳንዷን ቡሎን በናፍታ አጥበው እንደ ጤፍ ፀሐይ ላይ ያሰጧታል። ሰው ፊት ያዋርዳሉ። ያመሰገኑት ዕቃ የለም፤ ካልተሳደቡ አመሰገኑ ማለት ነው።

ደግሞ ሕግ ነበራቸው። እሳቸው ጋ ፍሬኑ የተነካ መኪና ለባለቤቱ የሚመለሰው፣ ዕቃውን የሸጠው ነጋዴ ራሱ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። እሳቸው ይነዳሉ፣ ነጋዴው ከጎናቸው፣ ባለቤቱ ከኋላ። መኪናውን በታቦር ቁልቁለት በፍጥነት ይለቁትና ታች አስፋልቱ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ፍሬኑን ቁጭ ያደርጉታል። አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። «ዲስኩን የሸጠ ፊት ይቀመጣል» ይላሉ። አልቀመጥም ያለውን ነጋዴ አይቆጡም። ክሪካቸውን ያመጣሉ፣ ጎማውን ይፈታሉ፣ ዕቃውን በካርቶኑ መልሰው ይልኩለታል። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ከተማ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ግን ለምደነው ነበር። ከመናኸሪያ ሱቁን ዘግቶ ወደ ታቦር የሚሄድ ነጋዴ ካየን «ሊሞከርብህ ነው እንዴ?» እያልን እንሳሳቅ ነበር።

አባቴ እንደሞተ የመጀመሪያው ተረኛ እኔ ሆንኩ። ዲስክ የምትባለው ከጎማው ጀርባ ያለች፣ ፍሬን ሲያዝ ሸራው ግራና ቀኝ የሚጨብጣት ክብ ብረት ናት። አባቴ ካስቀመጣቸው ጥቋቁር ከባዶች ሁለቱን ሸጬ ነበርና ስልክ ተደወለልኝ። «ሱቁ ያንቺ ነው፤ ነይ» አሉኝ፤ ሌላ ቃል የለም። ሄድኩ። የሰፈሩ ሰው ሴት ልጅ ፍሬን ሊሞከርባት ነው ብሎ በር በሩ ላይ ቆሟል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ቢስሚላሂ ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ። ሦስተኛው ላይ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲቆም ጋሽ ላሚሶ ሲስቁ ሰማሁ። ሲስቁ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አባትሽም ዐይኑን ይጨፍን ነበር» አሉኝ። «ሃያ ዓመት አንድ ቀን ገልጦ አላየም። አሁን ዕቃሽን ታውቂዋለሽ፣ የአብዱ ልጅ?»

እውነትም ከዚያ በኋላ ዕቃ ስመርጥ ያ ወንበር ይታየኝ ጀመር። የሚያስቅ ሕግ ነው ስል የኖርኩት ነገር ሰው እንዳደረገኝ አውቃለሁ። ግን ለጊዜው ነበር።

ሱቁን ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ክንፍ አወጣሁ። ከአዲስ አበባ አዲስ ዓይነት ዲስክ አስመጣሁ። መሃሏ ቀይ የተቀባ፣ ፊቷ መስታወት የመሰለ፣ ዙሪያዋን በቀዳዳ ያጌጠች። ክፍት ቸርኬ ያለው መኪና ላይ ከተገጠመች በጎማው መሃል ቀይ ሆና ትታያለች፤ የከተማው ልጅ ሁሉ እሷን ብሎ አበደ። መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው። ጋሽ ላሚሶ መጥተው አንዷን አነሱ። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት መጀመሪያ በመዳፋቸው መዘኗት፣ ቀጥሎ በገመድ አንጠልጥለው በቡሎን ጫፍ መቷት፣ ጆሯቸውን አስጠጉ። ዐይናቸውን ጨፍነው ድምፁ እስኪሞት ይጠብቃሉ። ይቺኛዋ ቶሎ ሞተች።

«ትጮኻለች፣ ግን አትጨርስም» አሉ። ከዚያ ቀዳዳዎቹን በጣታቸው እየዳሰሱ «ማነው የወጋት?» አሉኝ።

«ለመተንፈሻ ነው ጋሼ። ሙቀት እንዲወጣላት።»

«ጥሩው ፋብሪካ ሲበሳት ያውቅበታል። ይሄ ግን ብረቱ ስስ ነው፤ በስስ ላይ ቀዳዳ። ስትግል ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ትሰነጠቃለች። ለቆመ መኪና ሽጫት።» ይህን ያሉት ሦስት ደንበኞች ፊት ነው። ሰዎቹ ሳቁ። ፊቴ ጋለ። እሳቸው ወጥተው ሲሄዱ «ይሄ ሽማግሌ ያማረ ነገር ያመዋል» አልኩና እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዲስኮቹን ከመስኮቱ አላነሳኋቸውም። እንደውም ብርሃን እንዲያርፍባቸው ወደ ፊት አስጠጋኋቸው። ምን ላድርግ፣ ልጅነት ነው እንዳልል ልጅ አልነበርኩም።

ወር ሳይሞላ ባልና ሚስት መጡ። ሰውየው መምህር ዮናስ ይባላል፤ ያገለገለች የቤት መኪና ገዝቶ ክፍት ቸርኬ አስገጥሞላት ነበር። ዲስኩ እንዳለቀ የነገሩት ጋሽ ላሚሶ ናቸው፤ ጥቁሯን ግዛ ብለውታል። እሱ ግን ዐይኑ መስኮቱ ላይ ቀረ። ሚስቱ ቢጫ ሻሽ ያሰረች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ጥቁሯን በሁለት እጇ አንስታ «ሽማግሌው ይቺን አይደል ያሉህ?» አለችው።

«እህቴ፣ ሽማግሌው እኮ ከመኪና ይልቅ በሬ ነው የሚያምርባቸው» አልኩ እኔ፣ ለማሳቅ። መምህሩ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ገበያ ላይ ሴት ለሴት እንደምንጠያየቀው፣ «አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትገዢ ነበር?» አለችኝ።

«ቀዩን» አልኳት።

ሳላቅማማ ነው ያልኩት። ድምፁ ሲሞት በጆሮዬ ሰምቼ፣ ብረቱ ስስ መሆኑን አውቄ። ገንዘቡ አይደለም፤ ጥቁሩም ያው ይሸጥ ነበር። ሽማግሌው ተሳስተው ማየት ነው የፈለግኩት። በዚያ ብቻ ብበቃ ኖሮ ደግሞ አንድ ነገር ነበር። ጋሽ ላሚሶ ጋ ከሄደ ፊት ወንበር ላይ እንደምቀመጥ አሰብኩ። «እሳቸው ጋ ከወሰዳችሁት አራት ቀን ያቆሙባችኋል፤ ማዶ ያለው ጋራዥ አሁን ይገጥምላችኋል» ብዬ በእጄ አሳየኋቸው። ሄዱ። እኔ ልቀመጥበት የፈራሁት ወንበር ላይ እሷ ተቀምጣ ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት ከይርጋለም ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ፣ አንዱ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንቢ አለ። መኪናዋ ከቆመ የጭነት መኪና ኋላ ገባች። በእሱ በኩል በሩ ተርፏል፤ ሁለት እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባ። እሷ እዚያው አለፈች። ከተማው «ፍጥነት ነው» አለ፤ ፖሊስም እንደዚያው አለ ተባለ። እኔም ጎረቤቶቼ መሃል ቆሜ «ፍጥነት ነው እንጂ!» ስል ድምፄን ሰማሁት። ለቅሶዋ አልሄድኩም። እዚህ አገር ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከሳምንት በኋላ ጋሽ ላሚሶ በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። የተጎተተችውን መኪና ሄደው አይተዋታል። ጆንያውን ባንኮኒው ላይ ፈቱት። ቀይዋ ዲስክ ናት። ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ፣ ልክ እንዳሉት ተሰንጥቃ አንዱ ጎኗ ወልቋል። ቀዩ ቀለም ግን ምንም አልሆነም፤ እንዳማረበት ነው።

«ከማን ሱቅ ወጣች?» አሉኝ።

«እንጃ ጋሼ። ከእኔ አይደለም። አዲስ አበባ ሄዶ ያመጣው ይሆናል።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ሰውየው ከሆስፒታል ሲወጣ እንደሚነግራቸው እንኳ አላሰብኩም፤ ያ ደቂቃ እንዲያልፍ ብቻ ነበር የፈለግኩት። ጋሽ ላሚሶ ረጅም ጊዜ አዩኝ። «እሺ» አሉ። ጆንያውን መልሰው ጠቀለሉ። «ኬሬ» ብለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ዲስኳ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። መምህሩ እንደነገራቸው፣ እንደዋሸሁ እንዳወቁ፣ በምን ገባኝ መሰላችሁ? ፊት ወንበር ላይ ጠርተውኝ አያውቁም። ከጎኔ ያሉትን ነጋዴዎች ሁሉ እንደ ድሮው ይጠሩ ነበር። የእኔ ዕቃ ሲገጠም ብቻ መኪናው ሳይጠሩኝ ይወጣል። ጎረቤቶቼ «አንቺንስ አመኑሽ፣ ታድለሽ!» ይሉኛል። ብቻቸውን ነበር የሚሞክሩት፤ ከጎናቸው ያለውን ወንበር ባዶ ትተው። አንድ ቀን ከሩቅ አይቻለሁ። ቁልቁለቱን ወርደው፣ ሦስት ጊዜ ቆመው፣ ወደ ጎናቸው ዞር ብለው ባዶውን ወንበር ሲያዩ።

ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመሩ። ገብተው «ኬሬ» ይላሉ፣ አንዲት ቡሎን ወይም አንዲት ጎሚኒ፣ ያቺን የላስቲክ ማሸጊያ፣ ይገዛሉ፣ ከዚያ አይሄዱም። ባንኮኒውን ተደግፈው ይቆማሉ። እኔ እቃ አስተካክላለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ የተጠረገ መደርደሪያ እንደገና እጠርጋለሁ። አንዳንዴ አፌ ድረስ ይመጣል። «ጋሼ» እላለሁ። «እ?» ይላሉ፣ ቀና ብለው። «ሻይ ልዘዝልዎ?» እላለሁ። «ይቅር» ይላሉ። ይሄዳሉ። በሩን ተከትዬ ልጮህ እልና ቅዳሜ ይመጡ የለ እያልኩ እተዋለሁ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። ውሸት ነው። የወጋም አይረሳም። የሱቅ ሥራ ደግሞ ገዢ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለው። ዕቃውን ግራና ቀኝ ያገላብጥና «አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትገዢ ነበር?» ይላል። በቀን አሥር ጊዜ እሰማዋለሁ። ወንድ ሲጠይቀኝም በዚያች ሴት ዝግ ያለ ድምፅ ነው የምሰማው። ቀያዮቹን ሁሉ አንስቼ በመዶሻ አስሰብሬ ለብረት ገዢ ሰጥቻለሁ። ጥያቄው ግን የሚሰበር አይደለም።

ከሁሉ የሚብሰው መምህር ዮናስ ነው። በምርኩዝ እየሄደ ማስተማሩን ቀጥሏል። ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራውን እኔም ሰምቻለሁ፤ «በመልክ ተታልዬ ሚስቴን የገደልኳት እኔ ነኝ» እያለ፣ መኪና ውስጥ መግባት እርም ብሎ። ቀዩን የመረጠው እሱ ነው። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ቀዩ መጥፎ መሆኑን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቃሌ ያቀልለት ነበር። ያቺን ቃል አራት ዓመት ዋጥኳት። ባየሁት ቁጥር መንገድ ቀየርኩ።

እንግዲህ ማክሰኞ ከሰዓት ሱቁን ዘግቼ ታቦር ወጣሁ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች በቀስታ ይዘምራሉ። የጋሽ ላሚሶ ባለቤት እትዬ ማርታ እጄን ይዘው «መጣሽ» አሉኝ። «መጣሽ» ብቻ። «አላህ ያጽናዎት» ብዬ ወንበር ፈልጌ ስዞር መምህር ዮናስ ጥግ ላይ ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ከጎኑ አንድ ወንበር ባዶ ነው። እግሬ ወደ በሩ ነበር፤ እንዴት እንደዞርኩ አላውቅም። ሄጄ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

ነገርኩት። እየተንተባተብኩ፣ ወደ መሬት እያየሁ። ጋሽ ላሚሶ አስቀድመው እንዳስጠነቀቁኝ፣ ሚስትህ ስትጠይቀኝ ዋሽቻት ቀዩን እንዳልኳት፣ ማዶ ጋራዥ የላክኋችሁ ለእናንተ ጊዜ አዝኜ ሳይሆን ወንበሩን ፈርቼ እንደሆነ። አንተ አይደለህም የገደልካት አልኩት። ስጨርስ መዝሙሩ ሌላ ተጀምሮ ነበር።

ምርኩዙን ከጉልበቱ አንስቶ መሬት ላይ ተከለ። «ከሆስፒታል እንደወጣሁ ጋሽ ላሚሶ መጥተው ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም አሉኝ» አለ። «የማነው ታዲያ ብላቸው፣ የቀረውን ድርሻ ዲስኩን የሸጠችው ራስዋ ታመጣልሃለች፣ አትሂድባት ብለው አስማሉኝ። በየቅዳሜው ካንቺ ሱቅ ሲመለሱ እደውልላቸው ነበር። ነገረችዎት? እላለሁ። ገና ናት ይሉኛል። ባለፈው ቅዳሜ ታመው በሰው ተደግፈው መምጣታቸውን ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ። ቡሎን እንኳ አልገዙም፤ ቆመው ብቻ ሄዱ። እኔ ደንበኛ አለብኝ ብዬ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ነበር።

«ያን ቀንም ደወልኩ» አለ። «ገና ናት አሉኝ።»

አለቀስኩ። ሰው ለጋሽ ላሚሶ የማለቅስ መስሎት ውሃ አቀበለኝ። መምህሩ አላባበለኝም፤ አልሰደበኝምም። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«የሚስቴን ስም ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

በአራት ዓመት ውስጥ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ሰው ሊጠራው ሲል ወሬ እለውጥ ነበር። ለእኔ ባለ ቢጫ ሻሿ ነበረች፣ የአስተማሪው ሚስት ነበረች። «አላውቅም» አልኩት።

«አስቴር ትባላለች። በይ እንደገና ንገሪኝ» አለኝ። «በስሟ እየጠራሽ።»

ውሃውን አስቀመጥኩ። «አስቴር ሱቄ የገባችው ከሰዓት በኋላ ነው» አልኩትና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።